ማርሽ ባንዳችን በድሮው ይቀጥል ወይስ አዲሱን ያምጣ? ምክር እፈልጋለሁ (ደሴ)

የጦሳ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ደሴ ውስጥ በአንድ የወጣቶች ማርሽ ባንድ ትራምፔት እነፋለሁ። ኖታ የምጽፈውም እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ነን፤ ስድስት ትራምፔት፣ አራት ትሮምቦን፣ ሦስት ባሪቶን፣ ሁለት ቱባ፣ ጥቂት ክላርኔትና ሳክስፎን፣ የቀረው ከበሮ። ከሁለት ወር በኋላ ከሌሎች ከተሞች ባንዶች ጋር እንወዳደራለን። ሜዳ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ባንድ ሰባት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ዳኞቹ ድምፁንም ሰልፉንም ያያሉ።

እና ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ እንደ ድሮው ይሁን ይላል። ሁለት ማርሽ፣ ቀጥ ያለ ሰልፍ፣ እግር በአንድ ላይ፣ ዩኒፎርም ከነኮፍያው፣ አለቀ። ግማሹ ደግሞ ስልኩ ላይ የአሜሪካኖቹን ድራም ኮርፕስ ሲያይ ነው የሚያድረው። ለማያውቀው ሰው፣ ነሐስና ከበሮ ብቻ ይዘው ሜዳ ላይ የሚወዳደሩ ወጣቶች ናቸው። ክላርኔት የለ፣ ሳክስፎን የለ። ከጎናቸው ባንዲራ የሚያውለበልቡና የሚጨፍሩ ልጆች አሉ። ዕድሜ እስከ 21 ነው። ክረምቱን በየከተማው እየዞሩ ይወዳደሩና ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ኢንዲያናፖሊስ ስታዲየም ውስጥ ይጠቃለላል። እየሮጡ ይነፋሉ። ክብ ይሠራሉ፣ ክቡ ይሰነጠቅና ሌላ ቅርጽ ይሆናል፣ ድምፁ ግን ንቅንቅ አይልም። እውነት ለመናገር እኔንም ያስቀናኛል።

የኛዎቹ ልጆች እንደዚያ እንሥራ ይላሉ። የባቲና የአምባሰል ቅኝት አቀላቅለን፣ ኪቦርድ ከጎን አቁመን፣ ማሲንቆ በማይክ፣ ስፒከር ሜዳው ዳር ደርድረን።

ባለፈው እሁድ ልምምድ ላይ ነገሩ ተካረረ። አሠልጣኛችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያሳለፉት በሠራዊት ባንድ ነው። አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ያለፈበት ነው» አላቸው። ምንም አልመለሱም። ኮርኔታቸውን፣ ትራምፔት የምትመስለዋን አጠር ያለች ጥሩምባ፣ አነሱ፣ አፉን በመሐረብ ጠረጉ፣ ሣጥኑ ውስጥ አስተኙት፣ ሁለቱን መቆለፊያ ቀጭ ቀጭ አድርገው ዘጉና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። የዚያ መቆለፊያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ ያለፋችሁ፣ ወይም ሙዚቃውን የምታውቁ፣ የቱን ያዙ ትሉናላችሁ? ኖታውን መጻፍ መጀመር ያለብኝ በዚህ ሳምንት ነው።

ድቤ መቺው

ኧረ መጀመሪያ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቁ። ውድድሩ ይደርሳል። ትልቅ ሰው ተቀይሞ ቤቱ ተቀምጦ ምን ዓይነት ሰባት ደቂቃ ልትሠሩ ነው? ሽማግሌ ያዙ፣ ቡና ይፈላ፣ ልጁ ራሱ ጉልበት ስሞ ይቅርታ ይበል።

በሙዚቃው በኩል የማውቀው ድቤ ነው። መንዙማ ላይ ድቤ የሚመታ ሰው ስፒከር አይፈልግም። አንድ ሰው ያወጣል፣ ቤቱ ሙሉ ይቀበላል፣ ጭብጨባው ራሱ ከበሮ ነው። አባቴም እንዲህ ነበር የሚመታው፣ የሱም አባት። ግን እኔ አሁን የምመታቸው አመታቶች ሁሉ ከአባቴ የመጡ አይደሉም። ያከልኳቸው አሉ። ማንም አልተቆጣኝም፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሳቸውን አሳምሬ መትቼ አሳይቻለሁ። የናንተዎቹ ልጆች ማርሹን አሳምረው መንፋት ይችላሉ? እሱን ንገረኝ።

ከሐይቅ እስከ ኦሃዮ

ወንድሜ አብሽር፣ ይሄ ጠብ የናንተ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖቹም ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲጣሉበት ኖረዋል፣ አሁንም አልጨረሱም። እኔ ሐይቅ ተወልጄ አሁን ኦሃዮ ነው የምኖረው። የኢንዲያናፖሊሱን ማጠቃለያ ሁለት ጊዜ ስታዲየም ገብቼ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ልጻፍ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ልጆቹ አዲስ ነው የሚሉት ነገር ከየት እንደመጣ ይወቁ። ድራም ኮርፕስ ወታደር ነው የወለደው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ሰዎች ማኅበራት ከሠራዊቱ የተረፈውን ጥሩምባና ከበሮ ለሠፈር ልጆች እየሰጡ አሰለፏቸው። ቤተ ክርስቲያንም ቡድን ነበረው፣ ስካውትም፣ ፖሊስም። እዚህ ኦሃዮ፣ ካንተን ከተማ የተመሠረተው ብሉኮትስ ስሙ ራሱ ከፖሊሶቹ ሰማያዊ ካፖርት የመጣ ነው። በ1971 ቡድኖቹ በማኅበራቱ ደንብና ክፍያ ተማረሩና ድራም ኮርፕስ ኢንተርናሽናልን አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1972 ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ዋይትዋተር በምትባል ትንሽ ከተማ ተካሄደ።

ያኔ ዳኝነቱ ራሱ የጦር ሠፈር ነበር። ዳኛው ወረቀቱን ይዞ ሰልፉ መሃል እየገባ ይቆጥራል። እግር ሳተ፣ አንድ አሥረኛ ነጥብ ተቀነሰ። ከበሮ ሳተ፣ ሌላ አሥረኛ። እንዲህ ሲሆን ከባድ ነገር መሞከር ራስን መቅጣት ነው። ቆጠራውን በ1984 ተዉት። ልክ በዚያው ዘመን ጋርፊልድ ካዴትስ የሚባለው ቡድን ሰልፉን ግራና ቀኝ እኩል ማድረጉን ትቶ፣ መስመሩ እየተጠማዘዘ ሜዳውን ሁሉ የሚያዳርስ ነገር ይዞ መጣ። የሰልፉ ነዳፊ ጆርጅ ዚንጋሊ ነበር። 1983፣ 84፣ 85፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፉ። አሁን ልጆቻችሁ ስልክ ላይ የሚያዩት ክብና ስንጥቅ ሁሉ የዚያ ልጅ ነው።

መሣሪያውም እንዲሁ ነው የተቀየረው። መጀመሪያ ቫልቭ፣ ማለት በጣት የሚጫነው ድምፅ መቀየሪያ፣ የሌለው ጥሩምባ ነበር። ቆይቶ አንድ ቫልቭ ገባ። በ1977 ሁለት ተፈቀደ፣ በ1990 ሦስት። በ2000 ደግሞ በሶል የተቃኘ መሆን አለበት የሚለው ደንብ ተነሳና አሁን ተራውን ትራምፔት መያዝ ቻሉ። በ2004 ማይክ ገባ፣ በ2009 ሲንተሳይዘር፣ ማለት የኤሌክትሪክ ኪቦርድ። ትሮምቦን እንኳ የተፈቀደው በ2014 ነው፣ ይሄ ሁሌ ይገርመኛል። በየዓመቱ «አሁንስ ሞተ» የሚል ሰው ነበረ።

በጣም የማስበው ግን የ1993ቱን ነው። ስታር ኦፍ ኢንዲያና የሚባል ቡድን ባርበርና ባርቶክ የሚባሉ ደራሲዎችን ከባድ ሙዚቃ ይዞ ገባ። ጨለም ያለ ነው፣ ጭብጨባ የሚለምን ቦታ የለውም። ከሕዝቡ የጮኸባቸው ነበረ። ያሸነፉት ካዴትስ 97.4 አገኙ፣ ስታር 97.3። አንድ አሥረኛ! ከዚያ በኋላ ስታር ውድድሩን ትቶ ወደ መድረክ ወጣ፣ ከዚያው የወጣው ትርኢትም በ2001 ብሮድዌይ ላይ የቶኒ ሽልማት አገኘ። ያን ቀን የጮኹባቸው ሰዎች ዛሬ ቪዲዮውን እየከፈቱ ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ግን ስሙኝ፣ አዲስ ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። ሁለተኛ ጊዜ ስታዲየም የገባሁ ለት አንድ ቡድን ጫፍ ላይ ሲደርስ የሲንተሳይዘሩ ቤዝ ወንበሬን አንቀጠቀጠው። ቱባዎቹ ጉንጫቸው ቀልቶ ይነፋሉ። አየኋቸው፣ አልሰማኋቸውም። እነዚያ ልጆች ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ የለፉበትን ትንፋሽ አንድ ሰው በጣቱ ሸፈነው። በዚያ ላይ አንድ ልጅ ለአንድ ክረምት ብዙ ሺህ ዶላር ይከፍላል፣ መሣሪያውና ዕቃው በከባድ መኪና ነው የሚጓዘው። ይሄን ሁሉ ለመቅዳት አትሞክሩ። የምትችሉትንና የሚገባችሁን ምረጡ።

ፒያሳ ማዶ

እኔ በግልጽ ልናገር፣ ከልጆቹ ጋር ነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ውድድር ላይ ነበርኩ። ባንዱ ማርሽ ሲጀምር ከኋላዬ የነበሩት ሰዎች ተነስተው ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ሙዚቃው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ ለሃያ ዓመት የሰሙት ስለሆነ ነው። እናንተ ለዳኛ ብቻ ነው እንዴ የምትነፉት? ብሉኮትስ በ1972 ተመሥርቶ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኘው በ2016 ነው። 44 ዓመት። ያገኘውም ኮፍያውን አውልቆ፣ ሜዳው ላይ ተዳፋት መድረክ አቁሞ፣ ልጆቹ እየነፉ ላዩ ላይ እየወጡ እየተንሸራተቱ ነው። ከበሮ አትቀይሩ፣ ሰልፍ አትቀይሩ፣ ኮፍያ አታውልቁ ከተባለ ልጆቹ ባንዱን ጥለው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ወጉን ለማን ነው የምታወርሱት? ለሣጥኑ?

የኮርኔቱ ሰው

ጽሑፋችሁን የልጅ ልጄ ናት ያነበበችልኝ፣ ይሄንንም የምትጽፍልኝ እሷው ናት።

ልጄ፣ አሠልጣኝህ እኔ አይደለሁም። ግን እኔም በጦር ሠራዊት ባንድ 19 ዓመት ኮርኔት ነፍቻለሁ። ሰውየው ለምን ዝም ብሎ እንደሄደ ይገባኛል። አንድ ማርሽ በቀጥታ ሰልፍ፣ ሃያ ሰው እንደ አንድ ሰው እየተነፈሰ፣ ማንም ሳይቀድም ማንም ሳይቀር መጨረስ የስንት ዓመት ሥራ እንደሆነ ያላየ ሰው ነው ያለፈበት የሚለው። እኛ ክረምት ላይ ጭቃ እየረገጥን፣ አለቃው ከኋላ እያዳመጠ፣ አንድ ሰው ትንፋሹን ያለ ቦታው ከወሰደ ከመጀመሪያው ነበር የምንጀምረው። ያ ሰው ኮርኔቱን ሲዘጋ የዘጋው ይሄን ሁሉ ነው።

ለሱ ደግሞ አንድ ነገር ንገርልኝ፣ እንደ ወንድም። እኛ የድሮው የምንለው ማርሽ የኛ ድሮ አይደለም። ነሐሱ ከአድዋ በኋላ ከሩሲያ ንጉሥ በስጦታ የመጣ ነው። ከዚያ በፈረንጅ 1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባዎቹን የአርመን ልጆች አመጡ፣ ኬቮርክ ናልባንዲያን አስተማራቸው። የኛ የሆነው ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ነጋሪት፣ መለከት፣ እምቢልታ። አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ይጎሰማል። የሕጉ ጋዜጣ እስከ ዛሬ ነጋሪት የሚባለው በከንቱ አይደለም። እምቢልታውን ሦስት ሰዎች በየራሳቸው ይዘው ይነፉታል፣ እያንዳንዱ የራሱ አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ ዜማው የሚወጣው ሲቀባበሉ ነው። አንዱ ከቀረ ዜማው የለም። እንግዲህ ነሐሱ ራሱ መጤ ከሆነ፣ መጤ ነገር አይግባብን ማለት አንችልም። የኛ ሰዎች ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት እንጂ።

አሁን ልጆቹ ይስሙኝ። ከኦሃዮ የጻፈው ልጅ ስለ ቫልቭ ያለውን ሳዳምጥ ቆየሁ። ቫልቭ የሌለው ጥሩምባ ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ነው የሚሰጥህ። በዚህ «ተነሱ» ማለት ይቻላል፣ «ምግብ ደርሷል» ማለት ይቻላል፣ «ባንዲራ ይውረድ» ማለት ይቻላል። አምባሰል ግን አይቻልም። አምባሰል ዶ ካለ በኋላ የሚወጣው ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። አምባሰልን አምባሰል የሚያደርገው ያ ግማሽ ድምፅ ነው፣ እሱ ደግሞ ጥሩምባው ላይ ሰው ከንፈር በሚደርስበት ቦታ የለም። ባቲም ፋና ሲ ይፈልጋል፣ እነሱም የሉም። አንቺ ሆዬማ አይነሳ። አሜሪካኖቹ «ወጋችን ሞተ» እያሉ የተከራከሩበት ቫልቭ፣ ለኛ የአገራችንን ቅኝት ከነሐስ ያወጣልን እሱ ነው። እኔ በኮርኔት አምባሰል የነፋሁ ለት ፈቃድ ወጥቼ ቤት ነበርኩ። እናቴ ጤፍ ታበጥር ነበር። ሰፌዱን አቆመችው። ማርሽ ስነፋ አንድም ቀን አቁማ አታውቅም።

ኪቦርዱን ግን ተዉት። ድምፁ ፋብሪካ የቸነከረው ነው፣ ከቦታው አይነቃነቅም። ማሲንቆ ላይ ጣት ይንሸራተታል፣ ነሐስ ላይ ከንፈር ይለዝባል። አንቺ ሆዬ ስትዘፈን አንዳንዱ ድምፅ በኪቦርዱ ሁለት ቁልፎች መሃል ነው የሚቀመጠው። የናንተ ትራምፔት እዚያ መድረስ ይችላል፣ ኪቦርዱ አይችልም። ያላችሁን የተሻለ ነገር በባሰ ነገር አትሸፍኑት።

ለጸሐፊው አንድ የእጅ ሥራ ልንገርህ። በትራምፔት አምባሰልን ከሬ ብትጀምረው ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት ነው። የታችኛው ሬ 1ኛና 3ኛ ቫልቭ ነው የሚያዘው፣ እሱ ድምፅ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሸሻል። ሦስተኛዋን ስላይድ፣ የምትንሸራተተዋን ቱቦ፣ በቀለበት ጣትህ ገፋ አድርጋት። ይሄን ካላደረጉ ሬው ወደ ሚ ፍላቱ ይጠጋና ያ ግማሽ ድምፅ ይጠባል፣ ሰው ምን እንደተበላሸ ሳያውቅ አምባሰል አልመስልህ ይለዋል።

ስኔር ከኮምቦልቻ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፣ እንዲህ ተብሎ ተነግሮኝ አያውቅም። የልጅ ልጅዎንም እጇ ይባረክ።

እኔ የምመታው ስኔር፣ በሁለት ዱላ የሚመታው ትንሹ ከበሮ ነው፣ ስለዚህ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። የጦሳ ልጅ፣ ኖታህ ቢያምርም ሰልፉን ስትዘረጉ ድምፁ ይበታተንባችኋል። እኛ ላይ ደርሷል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ሜዳው መቶ ሜትር ከሆነ ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ሲሶ ሰከንድ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በደቂቃ 120 እርምጃ ብትሄዱ አንዱ እርምጃ ግማሽ ሰከንድ ነው። እና በአንደኛው ዳር ያለ ልጅ በሌላው ዳር ያለውን እየሰማ ቢነፋ ከግማሽ እርምጃ በላይ ዘግይቶ ነው የሚነፋው። ጆሮው እውነቱን ነው፣ ሁላችሁም ትክክል ናችሁ፣ ተመልካቹ ግን ድብልቅልቁ የወጣ ነገር ነው የሚሰማው። ቀጥ ባለና ጠበቅ ባለ ሰልፍ ይሄ አይታይም። ለዚህ ነው የድሮው ሰልፍ ጠበቅ የሚለው፣ ለውበት ብቻ አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ልምምድ ግን ይፈልጋል። ከበሮውን ከኋላ መሃል አቁሙት። ከበሮዎቹ የመሪውን እጅ ብቻ ይዩ። ከፊታቸው ያሉት ነፊዎች ደግሞ ከኋላ የሚመጣውን ከበሮ ሰምተው ከደረሳቸው ጋር ይንፉ። ያኔ ድምፁ ሁሉ አንድ ላይ እየተጠራቀመ ወደ ተመልካቹ ይሄዳል። አሜሪካኖቹም የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው፣ ከፊት መሬት ላይ የተተከሉትን ማሪምባና ቫይብራፎን፣ በዱላ የሚመቱ የእንጨትና የብረት ቁልፍ መሣሪያዎችን፣ የሚመቱት ሳይቀሩ ጆሯቸው ወደ ኋላ ነው። አሁን አስቡት፣ ስፒከሩን ከፊት ዳር ላይ ስትተክሉት ሜዳው ላይ ያለው ልጅ የቱን ይስማ? ከፊት ኪቦርድ፣ ከኋላ ከበሮ። እኛ ሞክረን ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ተለያየን። ጄኔሬተሩም በመሃል ጠፋ። እኔ ከበሮዬን አንጠልጥዬ ቆሜ አለቀስኩ፣ ሕዝብ እያየ።

ፒያሳ ማዶ ያልከውም ግን እውነት ነው። ሰው ይሰለቻል። ለዚያ የምመክረው ከበሮውን ነው። ማርሽ ሁሉ በሁለት መመታት የለበትም። ችክችካው በ6/8 ነው፣ እግር ደግሞ በአንድ መስመር፣ ማለት ስድስቱ ምት አንዴ ሲቆጠር፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፣ በአንድና በአራት ላይ። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ለመራመድ ምንም አያስቸግርም። እኛ መጀመሪያ አራት መስመር ቀጥ ያለ ማርሽ መትተን ወደ ችክችካ ስንገለብጠው እግራችን አልተቀየረም፣ ትከሻችን ብቻ ተቀየረ። ሰው ሁሉ ተነሳ። ለሻይ አልነበረም የተነሳው።

ፒያሳ ማዶ

እሺ ኪቦርዱን ትቻለሁ። ጋሼ ያሉት አሳምኖኛል፣ ስለ ቁልፎቹ መሃል ያለው ድምፅ አስቤ አላውቅም ነበር። ኮፍያው ላይ ግን አልለቅም።

ድቤ መቺው

ኮፍያው ይቆይ በለው ለኔ። ደሴ ብርድ ነው።

የጦሳ ልጅ የት ጠፋህ? ሰውየው ዘንድ ሄዳችሁ?

የጦሳ ልጅ

ይቅርታ ሥራ ይዞኝ ነው። ሁላችሁንም አላህ ያክብራችሁ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ሐሙስ ማታ ሄድን። እኔ፣ ያ ልጅና ሁለት ትልልቅ ሰዎች። ስኳርና ቡና ይዘን። ልጁ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ፣ እሳቸውም «ተነስ፣ ተነስ» አሉና አነሱት፣ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ቡናው አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ ስለ ባንድ አንድም ነገር የለም። ስለ ዝናብ፣ ስለ ኑሮ ውድነት። በረካው ሲቀዳ ነው «አምባሰሉን ማን ነው የጻፈው?» ያሉኝ። እኔ አልኩ። «አምጣው።» ስልኬ ላይ ነበር፣ መነጽራቸውን አስመጡ። የኮርኔቱን ሰው መልእክት ያኔ አነበብኩላቸው፣ እምቢልታው ላይ ስደርስ አንዴ አስቁመው አስደገሙኝ።

ከዚያ ተደራደርን። የሳቸው ነገር አንድ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ማርሽ፣ ቀጥ ያለ ሰልፍ፣ እንከን የሌለው። «እሱን ካሳያችሁ በኋላ የፈለጋችሁትን ክብ ሥሩ» አሉ። ድቤ መቺው፣ አንተ ካልከው ጋር አንድ ነው፣ ደነገጥኩ። ኪቦርድም ስፒከርም ቀርቷል። ማሲንቆው ይኖራል፣ ግን ማይክ የለውም። እሱ ሲገባ ባንዱ ስምንት መስመር ሙሉ በሙሉ ዝም ይላል፣ ሰልፉም ወደሱ ይጠጋል፣ ሕዝቡ ዝም ካላለ አይሰማውም። ዝም ይል ይሆን? እኔ ይላል ባይ ነኝ። ከማሲንቆው የመጨረሻ ድምፅ ላይ አንድ ትራምፔት ተነስቶ አምባሰሉን ይቀበላል። ያንን ሶሎ አሠልጣኙ ለዚያው ልጅ ነው የሰጡት። ከዚያ ስኔር እንዳለችው ከበሮው ከኋላ መሃል ሆኖ ወደ ችክችካ ይገለብጠዋል፣ ሰልፉም ያኔ ይከፈታል።

ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያውን ልምምድ አደረግን። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሜዳው ላይ ተኝቶ ነበር፣ የቱባ ልጆቹ ከሩቅ አይታዩም። ብርዱ ነሐሱን አቀዝቅዞት የመጀመሪያዎቹ ድምፆች ሁሉ ወርደው ወጡ። አሠልጣኙ ንፉ አላሉንም። መሣሪያውን አፋችን ላይ አስይዘው አሥር ደቂቃ ድምፅ ሳናወጣ ሙቅ ትንፋሽ ብቻ አስገፉን። ሃያ ነፊ ቆሞ ሲተነፍስ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ሬ አስያዙን፣ አንድ ሬ ብቻ፣ እያንዳንዱ ትራምፔት ነፊ ዘንድ እየሄዱ ሦስተኛዋን ስላይድ በራሳቸው ጣት እየገፉ። ሚ ፍላቱን ሲያስከትሉን ያ ልጅ ዞር ብሎ አየኝ። ያ ግማሽ ድምፅ ልክ ቦታው ላይ ነበር።

ሁለቱን ደቂቃ ማርሽ ገና አልቻልነውም። አምስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርን።

ድቤ መቺው፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው። ችክችካው ላይ ከስኔሮቹ ጋር ድቤ ቢገባ ብለን አሰብን። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው ላይ ነን። ማንጠልጠያውን እኛ እንፈልጋለን።

ድቤ መቺው

እመጣለሁ። ቆዳው ግን እንዲህ ያለ ጉም አይወድም፣ ይላላል። ከሰል አቀጣጥላችሁ ጠብቁኝ፣ ሞቆ ካልጠበቀ አልመታም።